በእሳት አደጋ ጣቢያችሁ የባልደረባ ድጋፍ እንዴት ትጀምራላችሁ?

ብዙ ሰው የእሳት አደጋ ሠራተኛ እሳት ብቻ የሚያጠፋ ይመስለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በ939 የሚመጣው ጥሪ ግን ሌላም ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ካቆረ ጉድጓድ ልጅ ማውጣት አለ፣ ወንዝ የወሰደውን መፈለግ አለ፣ የተናደ አፈር መቆፈር አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል፣ ፍለጋውም ቀናት ፈጅቷል። እዚያ ሲቆፍር የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ምን ያወራል? አብዛኛው ምንም አያወራም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተኛል፣ እንቅልፉ ከመጣ።

የባልደረባ ድጋፍ ማለት እንዲህ ላለው ሰው የሚያዳምጠው የታመነ የሥራ ጓደኛ በጣቢያው እንዲኖር ማድረግ ነው። ይሄን የምጽፈው ለፈረቃ መሪዎችና ለሠራተኞቹ ነው። ሳይኮሎጂስት እስኪቀጠር፣ በጀት እስኪፈቀድ፣ ደብዳቤ ከላይ እስኪመጣ አትጠብቁ። ባለሙያ ያስፈልጋል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን የታመነ ባልደረባ በሌለበት ጣቢያ ባለሙያ ቢመጣም ቢሮው ባዶ ነው የሚውለው።

መጀመሪያ ሰው ምረጡ። አለቃ አይሹም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቁራጭ ወረቀት ስጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ከባድ ነገር ቢያጋጥምህ ከዚህ ጣቢያ ለማን ትናገራለህ? የራሱን ስም ሳይጽፍ የሁለት ሰው ስም ያስፍር። ደጋግሞ ስማቸው የወጣው ሁለት ሦስት ሰዎች ሥራውን ይይዛሉ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ። አንዳንዴ ማንም ያልጠበቀው ሹፌር ይወጣል፣ ዝም ብሎ ስለሚያዳምጥ። ሴቶች ሠራተኞች ካሉ ከእነሱም አንዷ ትኑር። ስልክ የሚያነሱትን ደግሞ አትርሱ፤ ኦፕሬተሯ ጩኸቱን በጆሮዋ ሰምታ፣ ሰውየው ይትረፍ አይትረፍ ሳታውቅ ቀጣዩን ስልክ ነው የምታነሳው።

የተመረጡት ሰዎች ሐኪም አይደሉም፣ መሆንም የለባቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ነገር ያስቀምጠዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ከዚህ በላይ ልሥራ የሚል ሰው ካለ ያዝ አድርጉት። ምክር ማዝነብ፣ «እኔ እኮ የባሰ አይቻለሁ» ማለት፣ «በርታ ወንድ አይደለህ» ማለት፣ ይሄ ሁሉ በር መዝጋት ነው።

ቀጥሎ ሚስጥር። ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጣቢያ ውስጥ ጠዋት የተነገረ ነገር ለቡና ሰዓት እንደሚደርስ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ደንቡን በአንድ ገጽ ጻፉትና አለቃውም ይፈርምበት። የሚነገረው ነገር በማስታወሻ አይያዝም፣ ለእድገትም ለቅጣትም አይውልም፣ አለቃው ቢጠይቅም መልስ የለም። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፦ ሰውየው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ነው የሚል ስጋት ካለ ሰሚው ነገሩን ለብቻው አይይዘውም። ይሄንን ሰውየው ማውራት ሳይጀምር ንገሩት። ከተናገረ በኋላ ከነገራችሁት እንደ ክህደት ነው የሚቆጥረው።

አሁን ከባድ ጥሪ ደርሶ ቡድኑ ተመለሰ እንበል። የሞተው ሕፃን ነው። ምን ታደርጋላችሁ? ሁሉንም ክብ አስቀምጣችሁ «ምን ተሰማችሁ» ብላችሁ አታስጨንቁ። በአንድ ጊዜ ስብሰባ ሁሉንም ማናዘዝ ድሮ በብዙ አገር ይሠራበት ነበር፤ ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ግን ከጭንቀት ሕመም እንደማያድን ታየ፣ አንዳንዱም ላይ ሊያባብስ ይችላል። ይልቅ ይታጠቡ፣ ልብስ ይቀይሩ፣ ትኩስ ነገር ይቅመሱ፣ ቤት ይደውሉ። የሚያወራ ያውራ፣ ዝም የሚል ዝም ይበል። ቀጣዩን ጥሪ ሌላ ቡድን የሚሸፍንበት መንገድ ካለ ለጥቂት ሰዓት ሸፍኑላቸው። ከዚያ «ከሥራ በኋላ አንድ ሁለት እንበል» የሚለው ግብዣ ይመጣል። ክልከላ አይሠራም፤ ግን ያቺ ሌሊት ለመጠጥ መጥፎ ሌሊት ናት፣ እንቅልፉን ይበልጥ ታበላሸዋለች።

የሥራ ግምገማው ለብቻው ይሁን፣ በሌላ ቀን። እሱ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ የመዘግየቱን ምክንያት በግልጽ ጻፉት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መንገዱ ጠቦ ሥራውን እንዳከበደው ከተማው ሁሉ ሰምቷል። በትናንሽ አደጋዎች ግን ይሄን የሚናገርላቸው የለም፤ መኪና መንገድ ዘግቶ፣ ሰው ከቦ፣ «ዘግይታችሁ መጣችሁ» የሚለው ስድብ የሚያርፈው ቱቦ የያዘው ልጅ ላይ ነው፣ እሱም ደቂቃዎቹን ለወራት ይቆጥራቸዋል። ምክንያቱ ተጽፎ ሲነበብ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ከአለቃው አፍ ይሰማል። ከብዙ ምክር ይሻለዋል።

ክትትሉን በቀን ያዙት። በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከዚያ በወሩ። «ደህና ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ በቃ ተዘጋ። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» በሉት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነን፣ መደንገጥ፣ የጥብስ ሽታ መጥላት ሊኖር ይችላል፤ ለብዙው ሰው በራሱ ይለቃል። ወር ካለፈው፣ ወይም ከዚያም በፊት ቤተሰቡ ላይ መጮህ ከጀመረ፣ መጠጡ ከበዛ፣ ድሮ ያስቀው ከነበረው ነገር ሁሉ ከራቀ፣ ሐኪም ጋ የመሄጃው ጊዜ ነው። ቤቱ ላለመግባት የሁሉንም ተራ «እኔ ልግባ» የሚለውንም ልብ በሉት፣ ታታሪ ስለሚመስል ያልፋችኋል።

የት ትልኩታላችሁ? አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ስሙን ሰው መቀለጃ ስላደረገው የሚያፍር ካለ በዘውዲቱ፣ በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። አስቀድማችሁ ሄዳችሁ ከአንድ ባለሙያ ጋር ተዋወቁና ስልኩን ያዙ፤ «ሆስፒታል ሂድ» ማለትና «ነገ አብረን እንሂድ፣ የማውቀው ሰው አለ» ማለት በጣም ይለያያል። ፀበል የሚፈልግ ይጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ። የተጀመረ መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም አይቋረጥ።

ራሱን ሊያጠፋ ያስባል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትዞሩ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ።

ለቤተሰብም አንድ ቅዳሜ መድቡ። ባሎችና ሚስቶች ይምጡ፣ ቡና ይፈላ፣ ምልክቶቹ ይነገሩ፣ የተመረጠው ባልደረባ ስልክ ይሰጣቸው። ለውጡን ከሁሉ በፊት የምታየው ሚስት ናት፣ የምትደውልበት ግን የላትም።

ባልደረባ ሆነው የሚያዳምጡትም ይደክማሉ። በየጥቂት ወሩ እርስ በርስ ይገናኙ፣ የማንንም ስም ሳያነሱ የከበዳቸውን ያውሩ፣ የበቃው በክብር ይውጣ። ጡረታ የወጡ ሠራተኞችን ብትጋብዙ ደግሞ ታተርፋላችሁ። ኒው ዮርክ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በአንድ ቀን 343 ባልደረቦቹን ባጣው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት፣ ጡረተኞች ባልደረባን በማገዝ ይሳተፋሉ። የእናንተ ጡረተኞችም ጊዜ አላቸው፣ ማንንም አይፈሩም፣ ያንን ጉድጓድ ደግሞ ያውቁታል።