በስሜት መጫወትና አስመስሎ መጫወት፦ ጊታሪስቶች በቅኝት ልምምድ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወይ የሰው ሶሎ (ጊታሩ ለብቻው የሚጫወተው ዜማ) እንዳለ ይሸመደዳል፣ ወይ «እኔ በስሜት ነው የምጫወተው» ተብሎ ልምምድ ይቀራል። እንደ ትዝታና አምባሰል ባሉ ቅኝቶች ላይ ሁለቱም ቶሎ ያስነቃሉ።

ጣት ብቻ መቅዳት

ከቪዲዮ የፍሬት (የጊታር አንገት ክፍልፋይ) ቁጥር እያዩ የያዙት ሶሎ ዘፋኙ ቶን (የዘፈኑን መነሻ ድምፅ) ሲቀይር ይጠፋል፤ ጆሮ ምንም አልተማረምና። ሁለት ወይም አራት ባር (የምት ክፍል) ብቻ ይምረጡ። ፍጥነቱን ወደ 60 በመቶ አውርደው ያዳምጡ፣ በአፍዎ ያዚሙት። ማዜም ሳይችሉ ጊታሩን አያንሱ።

ቤንድን (ክር ስቦ ድምፅ ከፍ ማድረግን) በግምት መሳብ

በሲ ትዝታ ማይነር (ከሲ ድምፅ በሚነሳው) ሦስተኛው ክር ላይ 7ኛው ፍሬት ዲ ነው፣ 8ኛው ኢ ፍላት። ዲን ስበው ኢ ፍላት ሊያደርሱ ሲሉ ጣትዎ ካለፈ ኢ ላይ ይወድቃሉ፤ ያ ደግሞ የትዝታ ሜጀር ድምፅ ነው። ስሜት ጨመርኩ ያሉት ቅኝት አበላሸ ማለት ነው። መጀመሪያ 8ኛውን ፍሬት ተጭነው ይስሙ፣ ከዚያ ከ7ኛው ስበው እዚያው ያድርሱ። የማሲንቆ ዜማ ሲቀዱ ደግሞ በአንድ ክር ላይ ብቻ እየተንሸራተቱ ይሞክሩት። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ ከክር ክር ሲዘሉ ያ መጎተት አይመጣም።

ማረፊያውን አለማወቅ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የሲ ትዝታ ማይነር ድምፆች ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ናቸው። የጂ አምባሰልም እነዚሁ አምስቱ ናቸው፤ ከጂ ተነስቶ ጂ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንድም የተሳሳተ ድምፅ ሳይነኩ ከቅኝቱ መውጣት ይቻላል። ብሉዝ የለመዱ ጣቶችም የሲ ትዝታ ሜጀርን በኤ ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ) ቦክስ፣ ማለትም በለመዱት የጣት አቀማመጥ ይጫወቱታል። ድምፆቹ አንድ ናቸው፣ ሐረጉ ግን ኤ ላይ እያረፈ ትዝታነቱ ይጠፋል። መፍትሔው፦ ባሱ ሲን ብቻ እየደጋገመ የሚቆይበት ድምፅ በስልክ ይቅረጹ፣ በዚያ ላይ ይጫወቱ፣ የየሐረጉን መጨረሻ ሲ ላይ ያሳርፉ። ይህ ሲደላደል ብቻ ጂ ላይ ማንጠልጠል ይጀምሩ።

ሁሉንም በአንዴ መቀየር

የቀዱትን ሐረግ ይያዙና መጨረሻውን ብቻ ይለውጡ። ሲለምድልዎ ድምፆቹን ሳይነኩ ምቱን ይለውጡ፣ ቀጥሎ አጀማመሩን። ሦስቱን ባንድ ላይ የነካ ሰው የትኛው እንዳማረ፣ የትኛው እንዳበላሸ አያውቅም።

ያለ ትንፋሽ መደርደር

ዘፋኝ ሳይተነፍስ አይዘፍንም። ሲጫወቱ ዜማውን አብረው ያንጎራጉሩ፤ ትንፋሽዎ ሲያልቅ እጅዎም ይቁም። መጫወትዎን ይቅረጹና በማግስቱ፣ ጊታር ሳይዙ፣ ከዋናው ጎን ለጎን ያዳምጡት።