ካዝናው ጎደለ ሲሏችሁ፦ የቤቲንግ ቤት ሠራተኛን አቤቱታ አያያዝ

ጅማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፈረስ አለ። አንዱ መንገድ ላይ ጋሪ ይጎትታል። ሌላው የኮምፒውተር ፈረስ ነው፤ ቤቲንግ ቤት ስክሪን ላይ በየጥቂት ደቂቃው ይነሳል፣ ይሮጣል፣ የሰው ብር ይበላል፣ ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ተመልሶ መነሻው ላይ ይቆማል። የሚደክመው ትኬት ቆራጩ ነው። ይህን የምጽፈው ለካሸሮች፣ በተለይ ደግሞ በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ "አቤቱታውን አንተ ተቀበል" ለተባለ ሰው ነው። እኔም እንዲሁ ነው የጀመርኩት፤ ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ።

"ሦስት ሠራተኛ ያለው ቤት ምን ማኅበር አለው?" የሚል አይጠፋም። አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ ማኅበር ይቋቋማል፤ ከ10 በታች ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ደግሞ ተሰባስበው፣ አባሎቻቸው ከ10 እስካላነሱ ድረስ፣ በጋራ አንድ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። በማኅበር አባልነት ሰውን ማባረርም ሕገወጥ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ወደ እኔ ከሚመጣው አቤቱታ አብዛኛው ጉድለት ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ሲስተሙ አንድ ነገር ይላል፣ መሳቢያው ሌላ። ሱፐርቫይዘሩም ወዲያው "ከደሞዝሽ ይቆረጣል" ይላል።

መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር መጻፍ ነው። ያኔውኑ፣ እዚያው ማታ። ማታ ያልተጻፈ አቤቱታ ጠዋት ቡና ላይ ወሬ ይሆናል፣ በሳምንቱ ደግሞ ሦስት ሰው በሦስት መንገድ ያወራዋል። ቀኑን፣ ፈረቃውን፣ ካሸሯ በመነሻ ብር ስንት እንደተረከበች፣ ማን እንደቆጠረላት፣ ሲስተሙ ስንት እንዳለ፣ በእጅ ስንት እንደተገኘ ጻፉ። መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ከነበረ ሰዓቱን ጨምሩ። የመዝጊያውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሱ።

ከዚያ ብሩ የት ሊሄድ እንደሚችል አስቡ። የተከፈለባቸው ትኬቶች ሁሉ አሉ? ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሁለቴ የተቆረጠ ትኬት የለም? ደንበኛው በቴሌብር የላከው ማን ስልክ ላይ ገባ? ሱፐርቫይዘሩ ቀን ላይ "ባንክ ላስገባ" ብሎ ሳይፈርም የወሰደው የለም? ከሁሉ በላይ ደግሞ ይለፍ ቃሉን ጠይቁ። እኔ ያየሁት ጉድለት አብዛኛው የሚጀምረው ካሸሯ ምሳ ስትወጣ ባልደረባዋ በእሷ ስም ገብቶ ሲሠራ ነው። ሁለት ሰው በነካው መሳቢያ አንድ ሰው ሌባ ሲባል ዝም አትበሉ።

ፊርማ ላይ ተጠንቀቁ። ሕጉ ከደሞዝ መቁረጥን የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት)፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ስለዚህ ያቺ "እዚህ ጋ ፈርሚ" የምትባለው ወረቀት ቀላል አይደለችም። አባላቶቼን የምመክረው እንዲህ ብለው እንዲፈርሙ ነው፦ "ቆጠራውን አይቻለሁ፤ ኃላፊነቱን ግን አልተቀበልኩም።" ተቆራጩ ሕጋዊ ቢሆን እንኳ በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ደሞዟ 4,160 ብር ከሆነ ከ1,386 ብር ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ሙሉ ደሞዝ አስቀርቶ "ዕዳሽን ክፈዪ" ማለት የለም።

ሁለተኛው ትልቅ አቤቱታ ትርፍ ሰዓት ነው። እዚህ ላይ የኛም ሰው ይሳሳታል። ማታ መሥራት ብቻውን ትርፍ ሰዓት አያሰኝም፤ በቀን 8 ወይም በሳምንት 48 ሰዓት ማለፍ አለበት። በ4,160 ብር እንቀጥል። በወር 26 ቀን በ8 ሰዓት 208 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ሰዓቱ 20 ብር። ከቀኑ 8 ሰዓት ገብታ፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ አልቆ ደንበኛው እስኪወጣ እስከ ሌሊቱ 7 ብትቆይ 8 ሰዓቷ ምሽት 4 ላይ ስለሚሞላ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሰዓት ትርፍ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማባዣው 1.75 ነው፤ 35 ብር በሰዓት፣ በጠቅላላው 105 ብር። ከዚያ በፊት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት በትንሽ ደብተር ትያዝ።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ብቻውን የሄደ ሰው ወይ ይጣላል ወይ ሻይ ተጋብዞ ይመለሳል። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ያዙ፣ አንዱ ላይ ቀን ጽፎ "ተቀብያለሁ" ብሎ ይፈርም። መልስ የምትጠብቁበትን ቀንም ጥቀሱ። አባሏ በንዴት የምትናገር ከሆነች ውጭ ትጠብቃችሁ፤ እውነቷ ነው፣ ግን በዚያ ሰዓት ከአፏ የወጣ ስድብ ከጉድለቱ የባሰ ክስ ይሆናል።

የአንድ ሰው ያልሆነ ጉዳይም አለ። ብር የተበላበት ደንበኛ ካሸሯን ይሳደባል፣ በሌሊት ስትወጣ ባጃጅ የለም፣ ዝናቡ አለ። ይህን እንደ አንድ ሰው ብሶት አታቅርቡት፤ የሁሉም ስለሆነ የሌሊት ትራንስፖርትና ጥበቃ ብላችሁ የኅብረት ድርድር ላይ አስገቡት።

ቀን መቁጠር ላይ እኔ ራሴ ተቃጥያለሁ። አንዲት ልጅ ተባረረች። ወደ ሥራ እንድትመለስ ሽማግሌ ይዘን ለመንን፣ "እናየዋለን" ተባልን፣ በዓል መጣ፣ ሌላም በዓል መጣ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተባረሩበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፣ የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር። ሁለቱም አለፉን። ሽምግልና ጥሩ ነው፣ ግን ቆጠራውን አያቆምም። አሠሪው ጥያቄውን በጽሑፍ ካመነ፣ ወይም ጉዳዩ ለሚመለከተው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ለፍርድ ቤት ከቀረበ ግን ቆጠራው ይቋረጣል። አሁን ፋይሉ ሽፋን ላይ የመጨረሻውን ቀን በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ።

ካልተስማማችሁ የግል ጉዳይ፣ ማለትም መባረር ወይም ተቆራጭ ደሞዝ፣ ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል። የዳኝነት ክፍያ የለም። እዚህ የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በዚያው ቋንቋ በደንብ የሚጽፍ ሰው ቀድማችሁ ፈልጉ፣ የአማርኛ ማስረጃ ካላችሁም ትርጉሙን አዘጋጁ። የሥራ ውል፣ የደሞዝ ወረቀት፣ የተፈረመበት ኮፒ፣ ያቺ ትንሽ ደብተር። ሁሉንም ፕላስቲክ ውስጥ አድርጉ፤ ባጃጅ ስትጠብቁ ዝናቡ ይቀድማችኋል።