የአየር ጠመንጃዬ ጥይቶች በቁመት መበተናቸውን ያስቆምሁበት መንገድ

ጎንደር ላይ 4.5 ሚሊ ሜትር የአየር ጠመንጃዬን በአሸዋ ከረጢት አስደግፌ በ25 ሜትር ርቀት ስተኩስ፣ በኢላማው ወረቀት ላይ የሚታዩት ቀዳዳዎች ወደ ጎን ሳይራራቁ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይሰለፉ ነበር።

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት የማነጣጠሪያውን መነጽር ስለነበር ማሰሪያዎቹን ፈትቼ እንደገና አጠበቅሁ፤ ለውጥ አልመጣም። በርሜሉን ማጽዳትም አልጠቀመኝም። ጥይቶቹን በወርቅ ሠሪ ሚዛን እየመዘንሁ መለየቴ መበተኑን በጥቂቱ ቢቀንሰውም አላጠፋውም፤ በዚህ አራት ቀን አለፈ።

መፍትሔው የተገኘው የፍጥነት መለኪያ ከአፈሙዙ ፊት አስቀምጬ፣ ከ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ጀምሮ የእያንዳንዱን ተኩስ ፍጥነት ከአየር ቋቱ ግፊት ጎን ለጎን በደብተር ስመዘግብ ነው። ጠመንጃዬ የግፊት መቆጣጠሪያ የሌለው በመሆኑ፣ ቋቱ ሙሉ ሲሆን ግፊቱ ራሱ ቫልቩን አጥብቆ ስለሚዘጋው መዶሻው (ቃታው ሲሳብ ቫልቩን መትቶ የሚከፍተው ክፍል) ለአጭር ጊዜ ብቻ ይከፍተዋል፤ በዚህም ምክንያት ፍጥነቱ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ብሎ፣ ከ170 እስከ 130 ባር ባለው መካከል ተስተካክሎ ቆይቶ፣ ከዚያ በታች እንደገና ይወርዳል። ዝግ ያለው ጥይት ከፈጣኑ ዝቅ ብሎ ስለሚመታ፣ ለካስ ቋቱን እስከ 200 ሞልቶ መነሣት ነበር ጥፋቱ!

አሁን 170 ላይ ሞልቼ 130 ሲደርስ አቆማለሁ፤ በእጅ ፓምፕ ለሚሞላ ሰው ይህ ለክንድም እረፍት ነው። ቁጥሮቹ ግን የእኔን ጠመንጃ ብቻ የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ ሌላው ሰው አምራቹ ከወሰነው ግፊት ሳያልፍ የራሱን ይመዝግብ።