ጭንቀታችሁን በስሙ ጠርታችሁ አስረክቡ
ጸልያችሁ ስትነሡ ሸክሙ አብሯችሁ የሚነሣ ከሆነ ይህን ሞክሩ። «ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ የሚያስጨንቃችሁን አንድ በአንድ በወረቀት ጻፉ፦ የቤት ኪራይ፣ የእናት የደም ግፊት፣ ያኮረፈ ወንድም። እያንዳንዱን በስሙ እየጠራችሁ ለክርስቶስ ንገሩት፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፋችሁ መጽሐፍ ቅዱሳችሁ ውስጥ ማቴዎስ 11፥28 ላይ አስቀምጡት። ሸክማቸው የከበደባቸውን «ወደ እኔ ኑ» ያለው እዚያ ነው። ስም ያልወጣለት ጭንቀት ሌሊቱን ሙሉ ጭንቅላት ውስጥ ይዞራል፤ የተጻፈው ግን ዳር ድንበር ስላለው ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

ሐዋሳ ያላችሁ፣ ከሥራ ወጥታችሁ ቤት ሳትገቡ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጣችሁ አድርጉት፤ የውኃው ጸጥታ ያግዛል።

ኃጢአት የከበደው ግን ወደ ንስሓ አባቱ ይሂድ እንጂ በወረቀት አይወሰን። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት የራቀውም ጸሎቱን ሳይተው ሐኪም ያማክር።