የባሕር ላይ ነዳጅ ፖሊሲን ከተጣራ ዜሮ ልቀት ግብ ጋር ሲያስማሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር በሌለበት ወሎ የባሕር ላይ ነዳጅ ቁፋሮ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከዓለም ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ከሩብ በላይ የሚሆነው ከባሕር ወለል ሥር ስለሚወጣና የአየር ንብረት ለውጥ ድንበር ስለማያግደው፣ የባሕር ላይ ነዳጅ ፖሊሲ ከተጣራ ዜሮ ልቀት ግብ፣ ማለትም የሚለቀቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ከከባቢ አየር ከሚወገደው እንዳይበልጥ ከማድረግ፣ መዛነፉ በልግ ጠብቆ ለሚዘራው የወሎ ደገኛ ይተርፋል።

ዋነኛው ስህተት በባሕር ላይ ከተተከለው የቁፋሮ መድረክ የሚወጣውን ጭስ ብቻ ቆጥሮ፣ ነዳጁ ሲነድ የሚለቀቀውን መተው ነው። ከአንድ በርሜል ዘይት ከሚመነጨው ሙቀት አማቂ ጋዝ አብዛኛው የሚለቀቀው ዘይቱ ሲቀዳ ሳይሆን ሲቃጠል ነው። ኖርዌይ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባሕር ላይ የነዳጅ ሥራ የካርቦን ግብር ትጥላለች፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በሰሜን ባሕር ባለው የስላይፕነር ጋዝ ማውጫ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕር ወለል ሥር ይቀበራል። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም ወደ ውጭ የሸጠችው ዘይት ሲነድ ልቀቱ የሚመዘገበው በተጠቃሚው አገር ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣው የጭነት መኪና ልቀት በኢትዮጵያ ስም ይጻፋል እንጂ ነዳጁን ያወጣው አገር አይጠየቅበትም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በየብስ ላይ ስላለ የነዳጅ ጉድጓድ በሰጠው ፍርድ፣ ነዳጁ ሲቃጠል የሚለቀቀውም በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ውስጥ መግባት እንዳለበት ወስኗል። በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ በ2050 እ.ኤ.አ. የተጣራ ዜሮ ልቀት ላይ የመድረስን ግብ እያወጁ አዲስ የፍለጋ ፈቃድ መስጠት ነው። ከፍለጋ እስከ ምርት ብዙ ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ፣ ማውጫውም ለአሥርት ዓመታት ስለሚሠራ፣ ዛሬ የተፈረመ ፈቃድ ግቡን አልፎ ሊሄድ ይችላል። ዴንማርክ ይህን ተረድታ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. አዲስ የፈቃድ ዙር ሰርዛ፣ ምርቷን በ2050 ለማቆም ወስናለች።

የተፈጥሮ ጋዝን ንጹሕ ነው ብሎ መዘናጋትም አይገባም፤ የሚያፈተልከው ሚቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል) በሃያ ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሰማንያ እጥፍ በላይ ያሞቃል። ያረጀ መድረክ ማፍረሻ ገንዘብም ማውጫው ሳይነጥፍ ከኩባንያው በዋስትና መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ ዕዳው በሕዝብ ላይ ይወድቃል።

የመጨረሻው ስህተት አቅርቦቱን ብቻ ዘግቶ ፍላጎቱን አለመቀነስ ነው፤ ገዢው እስካለ ድረስ ሌላ አገር ይቆፍራልና። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏ በጎ ጅምር ነው፤ የወሎን መንገድ የሚያጨናንቀው ግን የጭነት መኪና በመሆኑ፣ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሀራ ገበያ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም የነዳጅ ፖሊሲው አካል ተደርጎ ሊታቀድ ይገባዋል።