የፕሪባዮቲክ አሰር ዱቄት አወሳሰድ ለሰሜን ሸዋ ገበታ

ከፋርማሲ የሚገዛው ወይም በዘመድ እጅ ከውጭ የሚመጣው የፕሪባዮቲክ አሰር (ፋይበር) ዱቄት የሚጠቅመው ዓይነቱን መርጦ፣ በትንሹ ጀምሮና በቂ ውሃ እየጠጣ ለሚወስደው ሰው ነው። ከመግዛት በፊት ግን የዕለት ምግቡ በእርግጥ አሰር የጎደለው መሆን አለመሆኑ ሊታይ ይገባል፤ በደጋው ሰሜን ሸዋ ገብስና ባቄላ ለሚበላ ሰው ዱቄቱ ብዙ ጊዜ ትርፍ ወጪ ነው።

ፕሪባዮቲክ ማለት ሰውነታችን የማይፈጨው፣ በአንጀት የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ለይተው የሚመገቡት ነገር ነው። ሐሳቡ በሳይንሱ ዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ሕያው ባክቴሪያ ከሆነው ከፕሮባዮቲክ ጋር መምታታት የለበትም። ባክቴሪያዎቹ አሰሩን በትልቁ አንጀት ውስጥ ሲያብላሉት አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡታይሬት የሚባሉ ውሁዶች ይፈጠራሉ፤ ከእነዚህም ቡታይሬት የትልቁ አንጀት ሽፋን ሴሎች ዋና የኃይል ምንጭ ነው። ሊጥ ሲቦካ አረፋ እንደሚያወጣ ሁሉ በዚህ መብላላትም ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መነፋቱና መንጎራጎሩ የሚጠበቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከምግብ እንዲያገኝ ይመክራል። በመንዝ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር ደጋ የሚዘወተሩት ምግቦች ለዚህ የተመቹ ናቸው። ገብስ ቤታ ግሉካን የተባለ የሚሟሟ አሰር አለው፤ ይህ አሰር በፍሬው ውስጥ ተሰራጭቶ ስለሚገኝ ገብሱ ተፈትጎ ቢበላም አብዛኛው አይጠፋም፤ በቀን 3 ግራም ያህሉ የኮሌስትሮልን መጠን ዝቅ እንደሚያደርግም በሚገባ ተረጋግጧል። ባቄላ፣ አተርና ምስር ባክቴሪያዎች የሚወዷቸውን ራፊኖዝና ስታኪዮዝ የተባሉ ስኳሮች ይዘዋል፤ እህሉ የተዘፈዘፈበት ወይም የተቀቀለበት ውሃ ሲደፋ ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። በወጡ ውስጥ የሚገቡት ቀይና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በዱቄት መልክ የሚሸጠውን ኢኑሊንና ዘመዶቹን በተፈጥሯቸው ይዘዋል። እንግዲህ ጠዋት በሶ ወይም የገብስ ቂንጬ፣ ቀን እንጀራ በሽሮ፣ በመሐሉም ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ከሚፈለገው መጠን ብዙም አይርቅም። ለጠላ የሚውለው ገብስ በዚህ ሒሳብ አይገባም።

የሚጎድለው በአብዛኛው ከተማ ገብቶ ቁርሱን በነጭ ዳቦና በሻይ፣ ምሳውን በፓስታ፣ እራቱንም በሩዝ ለሚያደርገው ነው። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ቁርሱን ወደ ገብስ መልሶ፣ ጥራጥሬም ጨምሮ አንድ ሁለት ሳምንት ቢያይ እመክራለሁ። የተፈጨ ተልባ አንድ የሾርባ ማንኪያ 2 ግራም ያህል አሰር ስላለው እርሱም ያግዛል፤ ሆኖም ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ በበቂ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሆድ ድርቀቱ ካልተሻለና የከፋ የሕመም ምልክት ከሌለ ወደ ዱቄቱ መሄድ ተገቢ ይሆናል።

ዓይነቱን መምረጥ ቀጣዩ ጉዳይ ነው። ኢኑሊን አብዛኛውን ጊዜ ቺኮሪ ከሚባል ተክል ሥር ይወጣል፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በቀን 12 ግራም የቺኮሪ ኢኑሊን ሰገራ በወጉ እንዲወጣ እንደሚረዳ ተቀብሏል። ፍራክቶኦሊጎሳካራይድ አጭር ሰንሰለት ያለው የኢኑሊን ዘመድ ሲሆን ቶሎ ስለሚብላላ ጋዙም ቶሎ ይመጣል። ጓር ከሚባል የጥራጥሬ ተክል ፍሬ የሚወጣው በከፊል የተሰባበረ የጓር ሙጫ ቀስ ብሎ ስለሚብላላ ሆዳቸው በቀላሉ ለሚነፋ ሰዎች ይሻላል። ከአንድ ተክል ዘር ቅርፊት የሚገኘው፣ ኢሳብጎል ተብሎም የሚጠራው ሲሊየም ብዙም ስለማይብላላ በትክክለኛው ትርጉም ፕሪባዮቲክ ለመባል አይበቃም፤ ይሁን እንጂ ውሃ ይዞ ሰገራን ስለሚያለሰልስ፣ ችግሩ ድርቀት ብቻ ለሆነበት ሰው እኔ የማስቀድመው እርሱን ነው።

ለጾመኛ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ጋላክቶኦሊጎሳካራይድ የሚሠራው ከላም ወተት ስኳር ነው፤ እንክብሎችም ብዙውን ጊዜ የሚሸፈኑት ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት በሚገኝ ጄላቲን ነው። ሁለቱም ለጾም አይሆኑም። ስለዚህ በዓቢይ ጾምም ሆነ በሌላው ጊዜ የሚጾም ሰው የዕቃውን ጀርባ አንብቦ፣ ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቆ፣ ከተክል የተሠራውን ዱቄት ይምረጥ። የወተት ስኳር የማይስማማውም ሰው ይኸው ጥንቃቄ ይጠቅመዋል።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከ2 እስከ 3 ግራም ብቻ ይውሰዱ፤ ይህ ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም፤ ዱቄቶች በክብደት ስለሚለያዩ ግን በዕቃው ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ። ሆድ ከለመደው በየሳምንቱ ያንኑ ያህል እየጨመሩ እስከ 10 ወይም 12 ግራም መድረስ ይቻላል፤ በ5 ግራም ለውጥ ያገኘ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ የሚሄድበት ምክንያት የለም። መጠኑ ከፍ ሲል ለጠዋትና ለማታ ከፍሎ ከምግብ ጋር መውሰድ ጋዙን ይቀንሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከሚበላው ምግብ ጋር ይውሰደው፤ ያመለጠውን ለማካካስ እጥፍ አድርጎ መውሰድ ትርፉ ቁርጠት ነው።

ኢኑሊን ለብ ባለ ውሃ ወይም በሻይ ሲበጠበጥ ይሟሟል፤ ጣዕሙም ለስላሳ ጣፋጭነት ያለው ስለሆነ ስኳር መቀነስ ይቻላል። ሲሊየም ግን ሌላ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ብናኙ ተንሳፍፎ ይታያል፤ ትንሽ ከቆየ ውሃው እየወፈረ እንደ ወፍራም አጥሚት ይሆናል፤ ስለዚህ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እንደ ተበጠበጠ ወዲያው መጠጣት፣ ሌላ ብርጭቆ ውሃም ማስከተል ያስፈልጋል። በደረቁ መቃም ጉሮሮ ላይ አብጦ ሊያንቅ ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም፤ የመዋጥ ችግር ያለበትም ሰው ከሲሊየም ይራቅ። ኢኑሊንን በእንጀራ ሊጥ ውስጥ መጨመር እምብዛም ፋይዳ የለውም፤ ሊጡ ሲቦካ እርሾው ራሱ ይበላዋል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ባለበት ምግብ ለረጅም ጊዜ ማንተክተክም ያፈርሰዋል። ዱቄቱ እርጥበት ስለሚስብ በደረቅ ማንኪያ ተጨልፎ ወዲያው ይከደን።

የውሃ ነገር በደብረ ብርሃን ብርድ በቀላሉ ይዘነጋል፤ ጥማት ስለማይሰማ ብዙ ሰው ቀኑን በሻይና በቡና ይውላል። በሸዋ ሮቢት ቆላ ደግሞ የተጠጣው ውሃ በላብ ይወጣል። አሰር ጨምሮ ውሃ ያልጨመረ ሰው ድርቀቱ ሊብስበት ይችላል።

ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይ የታይሮይድ፣ የልብ ወይም የብረት እንክብል የሚውጥ፣ በመድኃኒቱና በአሰሩ መካከል ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያድርግ። የስኳር ሕመምተኛም ሲሊየምን የመሰለ የሚወፍር አሰር ከምግብ በኋላ የሚመጣውን ስኳር ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል መጠኑን በመለካት ይከታተል፤ ሐኪሙንም ያሳውቅ።

መነፋቱ ከበረታ ከመተው በፊት ወደ ቀደመው መጠን መመለስ ይበጃል። ሆዳቸው በጭንቀትና በምግብ ዓይነት የሚቆጣ ሰዎች ኢኑሊንና ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ ሊያስቸግሯቸው ስለሚችሉ ወደ ጓሩ ወይም ወደ ሲሊየም ቢለውጡ ይመረጣል። ተስማሚው መጠን ላይ ተደርሶ አራት ሳምንት ካለፈ በኋላ ለውጥ ከሌለ መቀጠሉ ገንዘብ ማባከን ነው።

ዱቄቱ በሽታ አያክምም። በአካባቢያችን የሆድ መነፋትና መታወክ ብዙ ጊዜ በጃርዲያ፣ በአሜባ ወይም በጨጓራ ባክቴሪያ ስለሚመጣ ከሁሉ አስቀድሞ በጤና ጣቢያ መመርመር ይገባል። ሰገራ ላይ ደም የታየበት፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ትኩሳት ወይም የማያቋርጥ ትውከት ያለበት ሰው አሰር እየሞከረ ጊዜ አያጥፋ፤ ለሕፃናትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የአንጀት መጠማዘዝ ከተለመዱት የአንጀት መዘጋት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በጥናቶችም አሰር ከሚበዛበት አመጋገብ ጋር ሲያያዝ ይታያል። ሆድ በድንገት ተነፍቶ፣ ፈስም ሰገራም ቆሞ፣ ቁርጠት ከበረታ የሚያስፈልገው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው፤ ዱቄቱም ተልባውም ለዚያ አይሆንም። ከዚህ በፊት አንጀቱ ተጠማዝዞ የታከመ ወይም በሆዱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አንዲት ማንኪያም ቢሆን አይጀምር።