ከደሴ ሆኖ በስልክ እርዳታ ማሰባሰብ፦ ከየት ይጀመራል?

ወሎ ውስጥ ማዋጣት ለማንም አዲስ አይደለም። ቅሬ አለ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው። ለቅሶ ሲደርስ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያዋጣል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ያልከፈለውም ይታወቃል። በኢንተርኔት ማሰባሰብም ሥራው ያው ነው። ችግሩ፣ ሰጪው ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ የጸሐፊውን ደብተር ማየት አይችልም። ስለዚህ ደብተሩን ስልኩ ላይ አድርሱለት። አብሽሩ፣ ያን ያህል ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ሂሳቡ። በግለሰብ ስም አትጀምሩ። «የጎረቤታችን ልጅ ሂሳብ ነው፣ እሱ ታማኝ ነው» የሚል ማስታወቂያ ሳይ እኔ ራሴ እጄ ኪሴ አይገባም። ልጁ ታማኝ ሊሆን ይችላል፣ ግን ከሩቅ ያለ ሰው በምን ያውቃል? ሂሳቡ በማኅበሩ ስም ይከፈት፣ ፈራሚው ከአንድ በላይ ይሁን። ለዚህ መመዝገብ ያስፈልጋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድር፣ እቁብና የመሳሰሉትን አይመለከትም፤ ከቅሬ አልፋችሁ የበጎ አድራጎት ማኅበር ልትሆኑ ካሰባችሁ ግን ወረቀታችሁን ቀድማችሁ ጨርሱ። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥም ይላል። ትራንስፖርቱን፣ የቢሮ ኪራዩን፣ የስልክ ካርዱን ከመጀመሪያው ለይታችሁ መዝግቡ፣ በኋላ መለየቱ ራስ ምታት ነው።

አገር ውስጥ ላለው ሰው ቴሌብርና የባንክ ሂሳብ ይበቃል። ዌብሳይት ካላሠራን ብላችሁ ብር አታባክኑ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ የገበሬው ስልክ ላይ ሁሉ ደርሷል፣ ደግሞ በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔት በሚጠፋበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ማስታወቂያችሁ ላይ *127# ብላችሁ ጻፉት፣ ብዙ ሰው አፑ ከሌለኝ አይሆንም ብሎ ይተወዋል።

ውጭ ያለው ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ጎፈንድሚ በሚባለው የእርዳታ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ኢትዮጵያ ባለ የባንክ ሂሳብ ብር ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው በስሙ መክፈት አለበት፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከማኅበሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው፣ ብሩን በምን መንገድ እንደሚልክ እዚያው ገጹ ላይ ይጻፍ። አሜሪካ ላይ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል፣ ይሄንንም አትደብቁ። ለኢትዮጵያውያን ተብሎ የተሠራ «ወገን ፈንድ» የሚባል ተመሳሳይ ድረ ገጽም አለ፣ እዩት።

አረብ አገር ያሉት እህቶቻችን ግን ሌላ ናቸው። ከባቲ፣ ከሐርቡ፣ ከመርሳ የሄደችው ልጅ የባንክ ካርድ የላትም፣ ረጅም ጽሑፍ የምታነብበት ጊዜም የላትም። ያላት ኢሞ፣ ዋትሳፕና ቲክቶክ ነው። ለሷ የምትልኩት የአንድ ደቂቃ ድምፅ ነው፣ በሰፈሯ አነጋገር፣ የምታውቀው ሰው የተናገረው። ቲክቶክ ላይቭ ላይ ስጦታ አዝንቡልን ማለት ደግሞ እኔን አይጥመኝም፤ ካምፓኒው ግማሽ ያህሉን ይወስደዋል። ላይቩን ለማስረዳት ተጠቀሙበት፣ ብሩ በቀጥታ ሂሳቡ ውስጥ ይግባ።

ጽሑፉ አጭርና ቁርጥ ያለ ይሁን። «ችግረኛ ልጆችን እንርዳ» ማንንም አያንቀሳቅስም። ለምሳሌ እንዲህ በሉ፦

«ኩታበር ወረዳ፣ 60 ተማሪ። ለያንዳንዱ 6 ደብተር፣ 2 እስክሪብቶ። ፕሮፎርማው ከፒያሳ ሱቅ መስከረም 2 የወጣ ነው፣ ፎቶው ከታች አለ። እስከ መስከረም 20 እንሰበስባለን።»

ቀኑን አትርሱ። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዋጋ ቆሞ አይጠብቅም፣ የዛሬ ፕሮፎርማ ወር አይቆይም። የልጆቹን ፊት ግን አታሳዩ። ደብተሩን፣ የተሰበረውን ወንበር፣ የትምህርት ቤቱን በር አንሱ። የሰው ገመና አደባባይ አይወጣም፤ ልጁ ነገ አድጎ እዚያው ገበያ ይውላል።

ብር መግባት ሲጀምር ስክሪንሾት አትመኑ፣ በደቂቃ ይቀናበራል። ከባንኩ የመጣውን መልእክትና የግብይት ቁጥሩን ከሂሳባችሁ ጋር አመሳክሩ፣ ከዚያ «ደርሶናል» በሉ። በቴሌግራም ቻናል ማታ ማታ የገባውን ለጥፉ። ስሙ እንዳይወጣ የሚፈልግ አለ፣ በተለይ ሰደቃ የሚሰጥ ሰው፣ ስለዚህ ከስም ይልቅ የግብይት ቁጥሩን መጨረሻ አራት አሃዝ ጻፉ፤ ሰጪው የራሱን ያውቀዋል። ረመዳን ላይ ዘካ ብሎ የላከ ካለ ከሰደቃው ለይታችሁ ያዙ፣ የሚሰጥለት ወገን የተወሰነ ነውና ለጣሪያ ቆርቆሮ አይውልም። ካላወቃችሁ መስጊድ ሄዳችሁ ሸሁን ጠይቁ።

ግዢው ሲያልቅ ደረሰኙን እንዳለ ለጥፉት፣ ቢጨማደድም። ከተረፈ «ይሄን ያህል ተርፏል፣ ለቦርሳ ልናውለው ነው፣ የምትቃወሙ እስከ ዓርብ ንገሩን» ብላችሁ ጻፉ። ተቃዋሚ ከሌለ ቅዳሜ ግዙ።